ሦስተኛውን ስንኝ ፍለጋ፦ ከዲላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ረቡዕ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የታመመች አክስት የሌለው የዲላ ሰው አልነበረም። ከቀበሌ ይለፍ ወረቀት ለማውጣት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሁሌም አክስት ናት። እኔ አክስቴን ካራ አሰፈርኳት። በሽታዋን ሪህ አደረግኩት፤ ሪህ ቶሎ አይገድልም፣ ለሌላ ጉዞም ያገለግላል። የቀበሌያችን ጸሐፊ ማኅተሙን እየመታ «ባለፈው የሄደው ልጅም አክስቱ ካራ ነበረች። ምን ዓይነት ሰፈር ነው፣ አክስት ብቻ የሚኖርበት?» አለኝ። «ነፋሻማ ነው መሰለኝ» አልኩት። ሳቀና ሰጠኝ።

ያን ጊዜ እውነተኛውን ምክንያት መጻፍ ራስን አስሮ ማስረከብ ነበር። አሁን ዘመኑ አልፏልና፣ እዚያ ለማትሄዱት ለዲላ ሰዎች ልንገራችሁ። የሄድኩት ለመዝሙር ነው። እኔ ቀን አስተማሪ፣ በትርፍ ጊዜዬ የመዘምራን መሪ ነበርኩ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ ወዲህ ድምፃችንን የምናሰማው ሠርግ ላይ ብቻ ነው፤ ሠርግ ላይ የሚጮኽን ሰው ማንም አይጠረጥርም። እህቴ ትዕግስት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ልታገባ ነው፤ የመረጠችውም መዝሙር አንድ ብቻ ነው።

ያ መዝሙር በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የደረሰን ነው። የዘመሩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያሉ «የንጋት አውታር» የሚባሉ ልጆች ናቸው፤ ጊታር፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ ያላቸው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ አልነበረም። የገረመን ግን አዘማመራቸው ነው፤ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። «የአዲስ አበባ ዘመናዊ አዘማመር ይሄ ነው» አልኩና መዘምራኑን ሁሉ ሹክሹክታ አስተማርኳቸው። በአንድ ሠርግ ላይ ስንዘምረው ሕዝቡ አለቀሰ። አሁን ሳስበው ግማሹ ያለቀሰው ስላልተሰማው ይሆናል።

ሁለተኛው ስንኝ እንዲህ ይላል፦

ደጄን ዘግቻለሁ፣ ገብቶብኝ ፍርሃት፤
ማነው የሚያንኳኳው በዚህ በክፉ ሰዓት?

ወዲያው ኳ! ኳ! ኳ! የሚል ምት ይሰማል፤ ከዚያ ካሴቱ ጠቅ ብሎ ያቆማል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው አልን! የእኛ ከበሮ መቺ ደሳለኝ ያቺን ምት አጥንቶ አንድም ሳያዛንፍ ይመታታል። የሚቀጥለው ስንኝ ግን የለም። «ግማሽ መዝሙር ለግማሽ ሠርግ ነው» አለች ትዕግስት፤ «ሦስተኛውን ካላመጣህልኝ እኔም ግማሹን ብቻ ነው የማገባው።» ሙሽራው ሰምቶ ደነገጠ። እኔም ተነሣሁ።

ስለ አውቶቡሱ ብዙ አላወራም፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ኬላ ላይ ለሚቀበሉኝ ሰዎች የያዝኳትን ቡና ፈታሹ «ኮንትሮባንድ» ብሎ ወረሰኝ። ቆጮዬንም ፈታው፣ አሸተተው፣ መልሶ ጠቀለለውና «ይሄን እንኳ ውሰድ» አለኝ። የምግባችንን ክብር የማያውቅ ሰው ነው።

ፈረንሳይ ስደርስ ሊመሽ ነው። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የወጣ ይመስላሉ። እኛ ካፖርት የምናየው በመኮንን ላይ ነው፤ እዚህ ፍየል ጠባቂው ሳይቀር ደርቧል። የተነገረኝን የቆርቆሮ በር አገኘሁና አንኳኳሁ፦ ኳ! ኳ! ኳ!

ውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ተሰማኝ። ቀጥሎ ሰው እየሮጠ መጣ፤ በሩ ተበረገደ። አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ ያደረጉ ሴት ቆመዋል። እኔን አላዩኝም። ከኋላዬ ግራና ቀኙን አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ከዚያ ፊታቸው ወረደ።

«ማንን ፈለግክ?»

«ከዲላ ወንድሞች ሰላምታ ይዤ ነው፣ እትዬ። ሰው ይጠብቁ ነበር?»

«ኸረ ማንንም። ግባ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል።»

እትዬ ውድነሽ ይባላሉ፤ የጊታር መቺው የሳሙኤል እናት ናቸው። ሳሙኤል የት እንዳለ ስጠይቅ «የለም» ብለው ሽሮውን አወጡ። ቆጮዬን በአክብሮት ቀመሱት፣ ብዙ አኘኩት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ክሩን ጭምር ነው የሚበላው?» አሉኝ።

ሐሙስ

ከእንቅልፌ ያስነሣኝ ጣሪያውን የሚያነቃንቅ ድምፅ ነው፦ «ጓዶች! ጓዶች! የጽዳት ዘመቻ!» ልብሴን ገልብጬ ለበስኩ። እትዬ ውድነሽ በእርጋታ ምድጃ ይለኩሳሉ።

«አይዞህ፣ የኛው ነው» አሉኝ።

«የእናንተ ምን?»

«ማጉያው። የልጆቹ ነው እኮ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ቀበሌ ወሰደው። ስትሰማው በመሀል አይንኮሻኮሽም? ያኔም እንዲሁ ነበር፤ ሳሚ ሁሌ ሊያሠራው ይል ነበር።»

ረፋዱ ላይ ሁለት የቡድኑ ልጆች መጡ። ሮማን አኮርዲዮን ትጫወታለች፣ የመዝሙሮቹም ግጥም የእሷ ነው፤ የሳሙኤል እጮኛም ናት። ግርማ ከበሮ መቺ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ባየኝ በአፍታ «ጋሼ መምህር» ብሎ የሰየመኝ። የቀበሌው ኪነት ቡድን በግድ ከበሮ መቺ አድርጎታል። «ቀን ለአብዮቱ፣ በወፍጮ ሰዓት ለጌታ እመታለሁ» አለኝ።

የወፍጮ ሰዓት ምን እንደሆነ ሄጄ አየሁ። ጎረቤታቸው ሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከወፍጮው ጀርባ ጆንያ የሚከመርበት ክፍል አለ። ወፍጮው ሲነሣ ሰማይ ቢፈርስ አይሰማም፤ ልጆቹ ያኔ ይገቡና ይለማመዳሉ። ጊታሩም የሚያድረው እዚያው ከጤፍ ጆንያ ሥር ነው። ሐጂን «እርስዎ አይፈሩም?» አልኳቸው። «ልጆቹ የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ወፍጮው የኔ ነው፤ ጩኸቱ የአላህ ነው። ምኑን ልፍራ?» አሉኝ።

ከጆንያው ላይ ተቀምጠን ታሪካቸውን በጆሮዬ እየጮኹ ነገሩኝ። ሳሙኤል የመጀመሪያውን ጊታር ይዞ ጸሎት ቤት የመጣ ዕለት አንድ ሽማግሌ «ይሄ የመሸታ ቤት ዕቃ ነው፤ ከዣንጥላ ጋር ደጅ ይቀመጥ» አሉት። ሳሙኤል አልተከራከረም። ጊታሩ ደጅ ከሆነ እኔም ደጅ ነኝ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ውስጥ ሲዘመር እሱ ከውጭ ይመታል። ስንት እሑድ እንደዚያ! ክረምት ገባ። ዝናቡ ሲመጣ እኚያው ሽማግሌ በሩን ከፍተው «ኸረ ይህ ልጅ ይረጥባል፣ ግባ!» አሉ። የንጋት አውታር የተጀመረው እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም አፍሮና ቤልቦተም ነበሩ፤ ሮማን ፎቶውን ለማሳየት እምቢ አለች።

«አሁን ዲላ እንዴት እንደምትዘምሩት አሳየን» አለኝ ግርማ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ዘመርኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስጨርስ ግርማ ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«ጋሼ መምህር፣ ጀምር እንጂ!»

«እየዘመርኩ ነው!»

«አፍህ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው!»

«ይሄ እኮ የእናንተው ስታይል ነው!»

ተያዩ። ከዚያ ሮማን ጆንያው ላይ ተደፋች፤ ሳቋ በወፍጮው መሀል ተሰማኝ። ለካ ካሴቱን የቀዱት በእሑድ ቀን፣ ወፍጮው ዝግ ሆኖ፣ አብዮት ጠባቂ መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ፣ እትዬ ውድነሽ ቤት ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው። ሹክ ያሉት ፈርተው ነው እንጂ ስታይል የሚባል ነገር የለውም። አንድ የዲላ መዘምራን ቡድን በሙሉ የእነሱን ፍርሃት በኖታ አጥንቷል።

በሉ ብለው ትክክለኛውን በሙሉ ድምፅ ጀመሩልኝ፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ አለ። የሮማን ድምፅ ለአንድ አፍታ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። ከፊት እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ «ምንድነው እሱ?» ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ በዚያ በጎርናና ድምፃቸው መንዙማ አወረዱ! እያጨበጨቡ፣ ለረጅም ጊዜ። ሴቶቹም ተቀበሏቸው። መብራቱ ሲመጣ ብቅ አሉና «የኔ ድምፅ ያምራል ወይስ የናንተ?» አሉን።

ስንወጣ ጉዳዬን አነሣሁ። «ሦስተኛውን ስንኝ ስጡኝና እህቴን ልዳራት።»

ሮማን ሳቋ ጠፋ። «እሱ አይሆንም» አለች። «ሳሚ እዚያ ላይ ነው ያቋረጠው። እሱ መጥቶ ሳይጨርሰው ማንም እንዳይጨርሰው ቃል አለን።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ሮማን ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ኬላ፣ ያቺን ቡና! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ዓርብ

እትዬ ውድነሽ ጠዋት ተነሥተው ወጥ ሠሩ፤ በተደራራቢ የምሳ ዕቃ ሞልተው በጨርቅ ቋጠሩት። «ትይዝልኛለህ?» አሉኝ። የምንሄደው ወዴት እንደሆነ የገባኝ ረጅሙን አጥርና ከሥሩ የተኮለኮሉትን ሴቶች ሳይ ነው። ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ሳሙኤል እስር ቤት ነበር።

«በምን ታሰረ፣ እትዬ?»

«በመዝሙር» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

እዚያ ልጅን ማየት የለም። ምግቡ ይገባል፤ ያለፈው ጊዜ ዕቃ ይወጣል፤ በቃ። ሴቶቹ ተራ ይያያዛሉ፣ ስለ በርበሬ መወደድ ያወራሉ፣ አንዷ ትተኛለች። እኛ አገር ሐኪም ቤት በር ላይ እንኳ ይህን ያህል ቁጭ አይባልም። የእትዬ ውድነሽ ስም ሲጠራ ባዶውን ዕቃ ተቀበሉ። ከፈቱት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ በጣታቸው ሥሩን ነኩት።

«ጠርጎ በልቷል» አሉኝ፤ ፊታቸው በራ። ባዶ ዕቃ ተቀብሎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ሳይበላ የተመለሰ ዕቃ ወይም ጭራሽ ያልተመለሰ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ከጎናችን የነበሩት ሴት ነገሩኝ፤ እኔ እዚህ አልደግመውም።

ስንመለስ ስለ ስንኙ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። «እህትህ ታለቅሳለች?»

«ትቆጣለች እንጂ አታለቅስም።»

«ነገ እንጦጦ እንወጣለን። እዚያ ይጮኻል፤ ቢያንስ ሁለቱን በደንብ ሰምተህ ሂድ።»

ቅዳሜ

ጊታር በከተማው መሀል ይዞ መውጣት ነገር ነው። ግርማ መላ አለኝ አለ፤ ጊታሩን በጆንያ ጠቅልሎ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ እንጨት ደርድሮ በገመድ አሰረው። ጥሩ የእንጨት ሸክም ወጣው። እየተፈራረቅን ተሸክመን ሽቅብ ወጣን። ማንም ልብ አላለንም፣ ማንም አልጠየቀንም፤ ግርማም በብልሃቱ ተኩራራ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መጡ። ፊተኛዋ አየችን፤ ቆመች። ሸክሟን ሳታወርድ በሳቅ ተንፈራፈረች።

«ወዴት ነው እንጨቱን?» አለች።

«ወደ ላይ» አለ ግርማ።

«ወደ እንጦጦ? እንጨት? አልቆብን ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የነቃነው። በዚህች ከተማ ታሪክ እንጨት ከእንጦጦ ይወርዳል እንጂ ወደ እንጦጦ ወጥቶ አያውቅም! ዲላ ቡና ለመሸጥ ይዞ እንደ መግባት በሉት። ሴትዮዋ ወደ ጓደኛዋ ዞራ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት። እኔ ከጉጂ ኦሮሞ ጎረቤቶች ጋር ያደግኩ ነኝና ሰማኋት፤ «እብዶች ናቸው፤ ግን ደህና እብዶች ይመስላሉ» ነው ያለችው። በኦሮምኛ አመሰገንኳት። ይባስ ሳቁ።

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት ገባን። አየሩ ስስ ነው፤ ከዲላ ለመጣ ሰው መተንፈስ ራሱ ሥራ ነው። ግርማ ጊታሩን ከእንጨቱ ፈታ፤ ሳሚ ከሌለ ወዲህ የሚመታው እሱ ነው። «በሉ፣ እዚህ ማንም የለም። ጩኹ» አለ። ጀመሩ፤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በሹክሹክታ! ከልምድ ብዛት ድምፃቸው እምቢ አላቸው። እትዬ ውድነሽ «ኸረ ጩኹ፣ ዛፍ ለቀበሌ አይናገርም!» ብለው ተቆጡ። ያኔ የሮማን ድምፅ ወጣ። አምላኬ ሆይ፣ ያ ድምፅ በብርድ ልብስ ሥር ኖሯል!

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደረሱ። «ማነው የሚያንኳኳው በዚህ በክፉ ሰዓት?» ብለው አቆሙ። እኔም ድርሻዬን ላዋጣ ብዬ፣ ዲላን ላስጠራ ብዬ፣ ዱላ አንሥቼ የባሕር ዛፉን ግንድ ኳ! ኳ! ኳ! አደረግሁት።

ሮማን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ግርማ ጊታሩን አስቀመጠ።

«ያን ማን አስተማረህ?» አለኝ፤ «ጋሼ መምህር» ማለቱ ቀርቷል።

«ካሴቱ ነዋ። የእናንተው ምት... ደሳለኝ ከበሮ ላይ...»

«የኛ ምት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «በር ነው። በሩ ተንኳኳ። ሮሚ 'ማነው የሚያንኳኳው' ስትል እውነትም ተንኳኳ። እኔ አርፍጄ ነበርና 'ግርማ ነው' ብለው ሳቁ። ሳሚ ቴፑን አጥፍቶ ሊከፍት ሄደ። አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ። የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ፣ የዘመርኩትም እኔ ነኝ አላቸው። ካሴቱን ሮሚ ደብቃ አተረፈችው።»

ዱላውን ጣልኩት። ሠርግ ሙሉ ሰው እያስጨበጨብን ያን በር ስንመታ ኖረናል! ረቡዕ ማታም ትዝ አለኝ። እትዬ ውድነሽ በአንድ ጫማ የሮጡት፣ ከኋላዬ ያዩት የወሰዱት ሰዎች ልጃቸውን መልሰው ያመጡ መስሏቸው እንደሆነ ገባኝ። ያቺን ምት አጥንቼ፣ በዚያችው በር ላይ፣ በእጄ መትቻታለሁ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

እሳቸው ጠጋ አሉኝ።

«ያ ደሳለኝ የምትለው ልጅ፣ ከበሮ ላይ ይመታዋል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ።»

«በሠርግ ላይ?»

«በሠርግ ላይ።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቅሳሉ ብዬ ተነሣሁ። ለካ ሳቅ ነው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዛፉን ተደግፈው ሳቁ። «አቤት ጌታዬ! እነዚያ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ዲላ የሠርግ ከበሮ ሆነው ቀሩ?» ሮማንም ግርማም እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሁለቱንም አደረግሁ።

ፊታቸውን ጠረጉና «ሮሚ፣ ሦስተኛውን ስጪው» አሉ።

«እትዬ፣ ቃላችንስ?»

«ቃሉ የኛ ነው፤ እኛ እንጠብቃለን። እነሱ ግን መንኳኳቱን ብቻ ይዘው ከሄዱ ልጄ በየሠርጉ እየተወሰደ ይኖራል። በሩን የሚከፍትለት ስንኝ ይዘምሩለት እንጂ!»

ሮማን አልዘመረችውም፤ ቃሏን ጠብቃ በንግግር ብቻ ነገረችኝ፦

አንተ ከሆንክማ መዝጊያዬ ይነሣ፤
ግባ ሳታንኳኳ፣ ደጅህን አትርሳ።

ወረቀት ኬላ ላይ ያስይዛል፤ በቃሌ ያዝኩት። ቁልቁለቱን ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ወረድኩ። ማታ እትዬ ውድነሽ የቆርቆሮውን በር መቀርቀሪያ በመዶሻ ነቀሉት። ሐጂ ከማዶ «ሌባ ቢገባስ?» ሲሉ ሰማን። «ምን ይወስዳል? ማጉያውን እንደሆነ ወስደውታል!» አሏቸው።

እሑድ

ማለዳ ሽኝቱ አጭር ነበር። ሐጂ በስልቻ በሶ ሰጡኝ፤ «ፈታሹ ይህንንም አሽትቶ ይለፈው» አሉ። ግርማ ኪነት ልምምድ ነበረበት፤ ማጉያው ከሩቅ ሲንኮሻኮሽ እየሰማሁ ወረድኩ።

የትዕግስት ሠርግ በሳምንቱ ሆነ። ለመዘምራኑ ሁሉን ነግሬአቸው ነበር። ደሳለኝ «እንግዲህ አልመታትም» ብሎ እምቢ አለ፤ የእትዬን ቃል ስነግረው ነው የተስማማው። ሹክሹክታ ቀረ፤ እንደ እንጦጦ ጮኽን። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ደሳለኝ ኳ! ኳ! ኳ! አደረገ። ከዚያ ሦስተኛው ወጣ። ሙሽሪት ከመቀመጫዋ ተነሥታ አብራ ዘመረች፤ ምንም ሳያውቅ ያጨበጨበው የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ በኋላ «አክስትህ ተሻላት መሰለኝ» አለኝ።

በዚያው ዓመት፣ ቡና ሲለቀም፣ ለሐጂ ሰይድ ወፍጮ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ለጭነት ዲላ መጣ። ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጎ አገኘኝ። ግራ የገባው ሰው ነበር፤ መልእክቱን እንደተነገረው ቃል በቃል አደረሰልኝ።

«እትዬ ውድነሽ ለመምህሩ እንዲህ በልልኝ ብለውኛል፦ 'ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ልጄ ሳያንኳኳ ገባ።'»